ግራጫና ጥቁር፦ ሥዕልን በመቅዳት ስለ መማር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ምሕንድስናና ሥዕል በአንድ ወቅት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ እኅትማማች ሙያዎች ነበሩ። የድልድይ ንድፍ የሚያወጣ ሰው እርሳስ መቅረጽ፣ ቀለም ማቅጠን፣ ጥላውንም በብሩሽ ማልበስ ግድ ይለው ነበር። ዛሬ ንድፍ የሚወጣው በኮምፒዩተር ነው፤ መስመሩ አይንቀጠቀጥም፤ ልኩም አይዛባም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን እጅ ሥራ ሲፈታ ዓይንም አብሮት ሥራ እየፈታ መጥቷል። ከጠረጴዛው ቀና ብሎ የቆመውን ግድግዳ፣ የተቀመጠውን ሰው፣ የወደቀውን ጥላ በትክክል ማየት የቻለ ስንቱ ነው? የዚህ ንግግር ዓላማ ሥራ የፈታውን ዓይን መልሶ ወደ ሥራ የሚያስገባ አንድ የቆየ መንገድ ማመልከት ነው። መንገዱም አንድ የታወቀ ሥዕል መርጦ እርሱኑ በገዛ እጅ እንደገና መሥራት ነው።

በዚህ ላይ ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ሌላው የሠራውን መቅዳት ዕውቀት ነው ወይስ ስርቆት? ይህ ጥያቄ የሠዓሊ ብቻ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣ የአሠራር ደንብ፣ ከውጭ አገር የመጣ የሕንፃ ንድፍ ይዞ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ የሚጋፈጠው ነው። ስለዚህ መልሱን ከሥዕሉ ሥራ ጋር አብሮ መፈለግ ይገባል።

፩. የመሐንዲሱ ልጅ

ለጀማሪ የሚመረጠው ሥዕል ቀለሙ የተቆጠበ፣ በውስጡም አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቢሆን ይበጃል። ደማቅ ቀለም የዓይንን ስሕተት ይሸፍናል፤ ግራጫ ግን አይሸፍንም። ለዚህ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው አሜሪካዊው ጄምስ ማክኒል ዊስለር እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ውስጥ የሠራው፣ «የግራጫና የጥቁር ቅንብር ቁጥር 1» ብሎ የሰየመው፣ ሕዝብ ግን «የዊስለር እናት» እያለ የሚጠራው ሥዕል ነው። ዛሬ የሚገኘው በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ነው።

ሠዓሊው ለምሕንድስና ሙያ ባዕድ አይደለም። አባቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊስለር በአሜሪካ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1819 የተመረቁ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበሩ። ቀዳማዊ ኒኮላይ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ተጠርተው በሴንት ፒተርስበርግና በሞስኮ መካከል የሚዘረጋውን ሐዲድ በአማካሪነት አሠርተዋል። በዚያ መሥመር የተመረጠው የ5 ጫማ፣ ማለትም የ1524 ሚሊሜትር የሐዲድ ስፋት፣ ለሩሲያ ሰፊ ሐዲድ መሠረት ሆኖ ቀርቷል። እርሳቸው ግን መሥመሩ እ.ኤ.አ. በ1851 ሲከፈት ለማየት አልታደሉም፤ በ1849 በኮሌራ እዚያው አርፈዋል።

ልጁ በአባቱ እግር ለመተካት ወደ ዌስት ፖይንት ገብቶ ነበር። በሥዕል ትምህርት የላቀ ሲሆን በኬሚስትሪ ወድቆ እ.ኤ.አ. በ1854 ተሰናበተ። ቀጥሎም ለጥቂት ወራት በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ቅየሳ መሥሪያ ቤት በንድፍ አውጪነት ሠራ። በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ መቅረጽንም የተማረው በዚያ ነው። አናካፓ የተባለችውን ደሴት በሚያሳየው የቅየሳ ሰሌዳ ላይ፣ ከታዘዘው መስመር በላይ የሚበሩ ወፎች መጨመሩ በታሪክ ይነገርለታል። ለቅየሳ ሥራ ወፍ አያስፈልግም፤ ባዶውን ሰማይ ሚዛን ለማስያዝ ግን አስፈልጎት ነበር። በ1855 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ ወደ ትውልድ አገሩም አልተመለሰም።

በፓሪስ ምን ሠራ ቢባል፣ ቀዳ። እ.ኤ.አ. በ1857 ቁጭ ብሎ አንግር የተባለውን ታላቅ ሠዓሊ ሥራ ለአንድ አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ በክፍያ ገልብጧል። በዓመቱም ከወዳጁ ከፋንተን ላቱር ጋር የተዋወቀው ይኸው ሰው በሉቭር ሙዚየም የቬሮኔዜን ሥዕል እየቀዳ ሳለ ነው። ሉቭር እ.ኤ.አ. በ1793 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ለቀጂዎች በሩን እንደከፈተ ነው፤ ቅጂው ግን ከዋናው ጋር እኩል መጠን እንዲኖረው አይፈቅድም። በዚህ ደንብ መማር ተፈቅዷል፤ ማታለል ተከልክሏል።

፪. ሥዕሉ ምን ይዟል?

የሠዓሊው እናት ወይዘሮ አና ማክኒል ዊስለር በወንበር ላይ ወደ ግራ ፊታቸውን መልሰው፣ በጎን ገጽታ ተቀምጠዋል። ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ በራሳቸው ላይ ነጭ የዳንቴል ቆብ፣ በእጃቸው መሐረብ፣ ከእግራቸው በታች መረገጫ አለ። ከኋላቸው ግራጫ ግድግዳ፣ በስተግራ ጠቆር ያለ ባለጌጥ መጋረጃ፣ በግድግዳው ላይ አንድ ሙሉ የተሰቀለ ሥዕልና በቀኝ ጠርዝ የተቆረጠ የሌላ ሥዕል ክፈፍ ይታያል። ሙሉው ሥዕል ራሱ ዊስለር እ.ኤ.አ. በ1859 በመዳብ ቀርጾ ያሳተመው የቴምዝ ወንዝ ወደብ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

መጀመሪያ ላይ እናቱ ቆመው እንዲሣሉ ታስቦ ነበር። ዕድሜያቸው 67 ስለነበረ መቆሙ አደከማቸውና ተቀመጡ። በዚህ የተነሣ የሥዕሉ አቀማመጥ ተለወጠ፤ ያ የሚታወቀው ጸጥታም ከዚህ ተወለደ። የሥራ ቦታ ሁኔታ ንድፉን አሻሽሎ የተሻለ ውጤት ሲያመጣ ያየ መሐንዲስ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1872 የተቀበለው በግድ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ግን በ1891 ገዝቶ የሕዝብ ንብረት አደረገው።

፫. ልክ

የሥዕሉ ቁመት 144.3 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 162.4 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ያሰላ ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ ቁመቱና ስፋቱ እንደ 8 ለ9 ናቸው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ጀማሪው አንድ ሦስተኛ በሚሆን ልክ፣ ማለትም 48 በ54 ሳንቲሜትር የሆነ ሸራ ቢወጥር፣ ባለ 6 ሳንቲሜትር አራት ማዕዘኖች 8 ወደ ላይ፣ 9 ወደ ጎን፣ በጠቅላላው 72 ይወጡለታል። እያንዳንዱም በዋናው ሥዕል ላይ 18 ሳንቲሜትር ያህል ይወክላል። በታተመው ቅጂ ላይም ያንኑ ያህል አራት ማዕዘን አስምሮ፣ የአንዱን ይዘት ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነው።

ይህ ሥራ ለመሐንዲስ ቀላል ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። አራት ማዕዘኑ መስመር የት እንደሚያልፍ ይነግራል እንጂ ለምን እንደሚያልፍ አይነግርም። ስለዚህ መስመሩ ከተላለፈ በኋላ አራት ማዕዘኖቹን አጥፍቶ በዓይን ብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል። ክር ላይ ጠጠር አስሮ እንደ ቱንቢ በማንጠልጠል ከቆቡ ጫፍ ወደ ታች ምን እንደሚገኝ ማየት፣ ሥራውንም በመስታወት ገልብጦ መመልከት ሁለቱ የታወቁ መፈተሻዎች ናቸው። ዓይን የለመደውን ስሕተት መስታወት ያጋልጠዋል።

ቀጥሎም ቅንብሩን መመርመር ነው። የሴትዮዋ አካል ከባድ ጥቁር ክብደት ሆኖ ወደ ቀኝ ያደላል። ሥዕሉ ግን አያዘነብልም። ለምን? በስተግራ ያለው መጋረጃ ከመሐል ርቆ በመቆሙ ትንሽ ቢሆንም ክብደቱ ይበረታል፤ ይህም በማንሻ ላይ እንደተሰቀለ ሚዛን ነው። ይህን በቃል ከማመን ይልቅ መሞከር ይሻላል። በሚያሳይ ወረቀት ላይ ክፈፉን ወደ ግራ ጥቂት ማንቀሳቀስ፣ መጋረጃውን ማንሣት፣ ከዚያም የሚሆነውን ማየት ነው። ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ጀማሪው ባዶው ግድግዳ ባዶ እንዳልሆነ፣ እርሱም ጭነት ተሸካሚ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ሚዛን ሲናቅ ምን እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ የፖስታ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1934 ለእናቶች ቀን ባወጣው ባለ 3 ሳንቲም ቴምብር ላይ ሥዕሉን ቆርጦ በግራ በኩል የአበባ ማስቀመጫ ጨመረበት። ሠዓሊዎችም ተቃወሙ። ችግሩ አበባው ብቻ አልነበረም፤ የተሸከመውን ግድግዳ አፍርሶ በምትኩ ጌጥ ማቆሙ ነው።

፬. የግራጫ ትምህርት

ከዚህ በኋላ ዋናው ትምህርት ይጀመራል። የሚያስፈልገው ቀለም ጥቂት ነው፤ ነጭ፣ የአጥንት ከሰል ጥቁር፣ አምበር የተባለው ቡናማ የአፈር ቀለም፣ ቢጫ የአፈር ቀለም፣ ለፊትና ለእጅ የሚሆን ቀይ የአፈር ቀለም ብቻ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲቀላቀሉ የሚገኘው ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት አምበር ወይም ቢጫ ሲገባበት ይሞቃል። ጀማሪው ቀዝቃዛና ሞቃት አድርጎ ሁለት መሰላል፣ በየመሰላሉም 9 ደረጃ ግራጫ ቢያዘጋጅ፣ ሥዕሉን ከመንካቱ በፊት ግማሹን ተምሯል ማለት ነው።

በዚህ መሰላል ላይ ስሌት ብቻውን ያሳስታል። ለዓይን በነጭና በጥቁር መካከል እኩል ሆኖ የሚታየው ግራጫ ካረፈበት ብርሃን ግማሹን የሚመልስ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የሚመልሰው ከመቶ 20 ያህል ብቻ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማንሰል በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቀለም ደረጃዎችን በሥርዓት ሲያዘጋጅ የተነሣው ከዚህ ከዓይን ጠባይ ነው። ስለሆነም ነጭና ጥቁርን እኩል በእኩል መመዘን መሐል ግራጫን አያስገኝም። እንደ ኮንክሪት ድብልቅ በመጠን ተወስኖ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ዓይን ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ዳኛውም ቢሆን ይታለላል። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቆርጦ አንዱን በጥቁር፣ ሌላውን በነጭ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል። ይህን በሥርዓት የመረመረው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ነው። በፓሪስ በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ማቅለሚያ ጥንካሬ የለውም የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ሲያይ ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጎኑ ከተሸመኑት ቀለሞች ሆኖ አገኘው። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። በማንኛውም ሥራ ጥፋት የሚፈለገው በተጠረጠረው ዕቃ ላይ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱም ጭምር መሆኑን ይህ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በግራጫ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ በመብሳት በሥዕሉ ላይ አስቀምጦ አንዱን ቦታ ከጎረቤቱ ነጥሎ ማየት ይቻላል። ያን ጊዜ ነጭ የመሰለው መሐረብ ግራጫ ሆኖ ይገኛል፤ ጥቁር የመሰለው ቀሚስም ድፍን ጥቁር አይሆንም። እውነተኛ ነጭ በዚህ ሥዕል ውስጥ እንደ ቅመም ነው። ጀማሪ አብዝቶ የሚያጠፋው ነጩን በመጀመሪያው ቀን በመጨረሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብርሃን የሚከፍለው አያገኝም።

ዊስለርም የሥዕሉን ዋና ዋና ቀለሞች አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ቀላቅሎ ካልጨረሰ በቀር ወደ ሸራው አይሄድም ነበር። በስተእርጅናው በፓሪስ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

፭. ቅብ

የዘይት ቀለም የሚጠነክረው የተልባው ዘይት ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው እንጂ እንደ እርጥብ ልብስ በመድረቅ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በመዋሐድ እንጂ ውሃውን በማጣት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይዘገይም። አምበር ቶሎ ይጠነክራል፤ የአጥንት ጥቁር ይዘገያል። ስለዚህ የታችኛው ንጣፍ በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ይህ ሥርዓት ከተገለበጠ፣ ሥሩ ሳይደርቅ እንደተለሰነ ግድግዳ መሰንጠቅ ይመጣል።

ሸራው አስቀድሞ በመካከለኛ ግራጫ ይቀባል። ከዚያም ግድግዳው፣ ቀሚሱ፣ መጋረጃው፣ ወለሉ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰፊ ቅብ ይያዛሉ። ዝርዝር አይነካም። ቀጥሎ የሚመጣው የጠርዝ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ የንድፍ ሰው ልማድ ትልቅ ጠላት ነው። በንድፍ ሥራ ጠርዝ ሁሉ እኩል ግልጽ ነው። በሥዕል ግን የክፈፉ ጠርዝ ጠንካራ ሲሆን፣ የቆቡ ዳንቴል ወደ ግድግዳው ይሟሟል፤ የቀሚሱም እጥፋት በራሱ ጥቁር ውስጥ ይጠፋል። ሁሉን በአንድ መስመር የከበበ ቅጂ ልኩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰውየውን ከግድግዳው ላይ በመቀስ የቆረጠ ይመስላል።

ያልተሳካውን መጥረግም የሥራው ክፍል ነው። ዊስለር የቀኑን ሥራ ጠርጎ እንደገና በመጀመር የታወቀ ነበር። ሲሲሊ አሌክሳንደር የተባለችውን ልጅ ሲሥል ከ70 ጊዜ በላይ አስቁሟታል ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሥራዎቹ በቀላል ትንፋሽ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ድካሙ ተጠርጓልና።

ይህ የተጠረገ ድካም በፍርድ ቤት ሳይቀር ተመርምሯል። ጆን ራስኪን የተባለው ሐያሲ አንዱን የዊስለር ሥዕል በጽሑፍ ስላዋረደ፣ ሠዓሊው ከሰሰው። ክርክሩ በ1878 እ.ኤ.አ. ሲሰማ ጠበቃው፣ ለሁለት ቀን ሥራ 200 ጊኒ ይጠየቃልን ብሎ ጠየቀ። ዊስለርም የሚጠይቀው ዋጋ የሁለት ቀን ሳይሆን የዕድሜ ልክ ዕውቀት ዋጋ መሆኑን መለሰ። ፈረደለትም፤ ካሣው ግን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የፔኒ ሩብ ብቻ ነበር። በዓመቱም ከሰረ። አንድ ገጽ ስሌት ለመሥራት የዓመታት ትምህርት የፈጀበት፣ ባለጉዳዩም ስለ አንዱ ገጽ ብቻ ሊከፍለው የሚፈልግ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ክርክር እንደራሱ ሊቆጥረው ይችላል።

፮. መቅዳት ነውር ነውን?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የተማረው ከመምህሩ ሥር ቁጭ ብሎ፣ የመምህሩን ሥራ በመከተል ነው። ከዚህም የበለጠ ምስክር አለ። በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ኅትመት በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ አገሪቱ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ደጋግመው ቀዱት። ሲቀዱትም ዓይኑ፣ ልብሱ፣ ቀለሙ የራሳቸው እየሆነ ሄደ። ዛሬ ያን ሥዕል በጎንደር ዘመን ሥራ ላይ የሚያይ ሰው የሮም ነው አይልም። የቀዱት ሰዎች ለምን እንዲህ ሆነ እያሉ ስለቀዱ ቅጂው የራሳቸው ሆነ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዘመናዊውን ትምህርት ለዚህ የቆየ ልምድ አጎራበተው።

እንግዲህ ነውሩ በመቅዳት ላይ ሳይሆን በመቅዳት ላይ በመቅረት ነው። መስመሩን ብቻ የገለበጠ ምንም አልተማረም። ምክንያቱን የገለበጠ ግን ዕቃው ሲለወጥ እንኳ አይደናገርም። ለሌላ አገር አፈር የተሠላ የመሠረት ንድፍ ወስዶ ሳይመረምር የሚቆፍር መሐንዲስና፣ ንድፉን ወዳስገኘው ስሌት ተመልሶ ለራሱ አፈር የሚያሰላ መሐንዲስ ሁለቱም ቀድተዋል። ሕንፃው የሚቆምለት ግን ሁለተኛው ነው።

የሥዕሉም ፈተና እንደዚሁ ነው። ጀማሪው የዊስለርን እናት ቀድቶ ሲጨርስ ቅጂውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንዳይረካ፤ በዚያው ሸራ መጠን የራሱን እናት ወይም አያቱን አስቀምጦ ይሣል። ያን ጊዜ የተማረው ሁሉ ይገለበጥበታል። ጥቁሩ ቀሚስ በነጭ ነጠላ ይተካል። በዊስለር ሥዕል እንደ ቅመም የነበረው ነጭ ዋና ምግብ ይሆናል፤ ጥቁሩ በተራው ቅመም ሆኖ በዓይን ብሌን፣ በማተቡ ክር፣ በወንበሩ ሥር ባለው ጥላ ብቻ ይቀራል። የነጠላው እጥፋት ነጭ እንዳይደለ፣ አንዱ ቀዝቃዛ አንዱ ሞቃት ግራጫ እንደሆነ የሚያሳየው ያ ባለ 9 ደረጃ መሰላል ነው። ጥለቱም የት ቢያርፍ ሚዛን እንደሚጠብቅ ያ መጋረጃ አስተምሮታል። ከባዕድ አገር የተቀዳው ትምህርት በራሱ ቤት የሚያገለግለው በዚህ መንገድ ነው።

ዊስለር ሥዕሉን በእናቱ ስም ለመጥራት አልወደደም፤ ለተመልካች የሚጠቅመው ቅንብሩ ነው ብሎ ያምን ነበርና። ሕዝቡ ደግሞ ቅንብሩን ትቶ እናትየዋን ያዘ። ሁለቱም ከእውነት አልራቁም። ግራጫው በትክክል ስለተመዘነ ሴትዮዋ በእርግጥ ተቀምጠዋል፤ ሴትዮዋ ስለተቀመጡም ግራጫው ከንቱ አልሆነም። ወይዘሮ አና ሥዕሉ ከተሠራ 10 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1881 እ.ኤ.አ.፣ አርፈዋል። ሸራና ቀለም ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ ጊዜም ከሥራ በኋላ ይገኛል። የሚቀመጡልን እናቶች ግን ሁልጊዜ አይገኙም። ስለሆነም ለመማር የሚፈልግ ሁሉ መሰላሉን ዛሬ ማታ ቢጀምር መልካም ነው።